ለአንድ ትንሽ አኳሪየም ስንት ዓሣ ይበቃል?

ልጄ ስድስተኛ ዓመቷን ስትይዝ የጠየቀችን ስጦታ አንድ ብቻ ነበር፤ አኳሪየም። ባለቤቴ ውሻ ባለመጠየቋ ተደሰተ። እኔ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባዶዋን የቀረችው የሳሎናችን ጥግ ታምራለች ብዬ ተስማማሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራታችንም ተያይዘን ሄድን። ከመሸጫው ስንወጣ 60 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው የመስታወት ገንዳ፣ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ አንድ ከረጢት ባለቀለም ጠጠር፣ የፕላስቲክ ሣርና በአየር በተነፉ ላስቲኮች ውስጥ 12 ዓሦች ይዘን ነበር።

ለምን 12 ሆኑ ቢሉኝ ማንም ተቀምጦ የወሰነው ነገር አልነበረም። ልጄ ለእያንዳንዱ የቤተሰባችን ሰው አንድ አንድ ዓሣ እየመረጠች ነበር። ለአባቷ፣ ለእኔ፣ ለራሷ፣ ለትንሽ ወንድሟ፣ «እማማ» ለምትላት እናቴ፣ ለአባቷ ወላጆች፣ ለሁለት አጎቶቿ፣ ለሁለት አክስቶቿ፣ በመጨረሻም ለጎረቤት ጓደኛዋ። ሻጩን «ይህ ሁሉ ይኖራል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምን ችግር አለው፣ ገንዳው ሰፊ ነው» አለኝ። እውነትም ባዶውን ሲያዩት ሰፊ ነው። አራት ጎልድፊሽ፣ ሰባት ጉፒ፣ እንዲሁም መስታወት ላይ እየተለጠፈ ቆሻሻ ይበላል የተባልነው አንድ ጥቁር ዓሣ ወሰድን።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። መደርደሪያ ሞልቶ ሲታይ ዕቃው እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ የምከፈለውም ለዚሁ ነው። በመሸጫው ገንዳ ውስጥ የሚተራመሱት ዓሦች እዚያ የሚኖሩ ሳይሆኑ ለጥቂት ቀናት ገዢ የሚጠብቁ መሆናቸውን ማስተዋል ነበረብኝ። አላስተዋልኩም።

በሦስተኛው ቀን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ። በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። የተራቡ መስሎን ምግብ ጨመርንላቸው። በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ልጄ ዩኒፎርሟን ለብሳ ሰርቪስ በምትጠብቅበት ሰዓት፣ «እማማ» የተባለችው ትልቋ ጎልድፊሽ በጎኗ ተንሳፋ አገኘናት።

ልጄ ያለቀሰችው ለዓሣዋ ነው ወይስ ለአያቷ፣ እስካሁን አላውቅም። ማታ ለእናቴ ደወልኩላትና ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። እናቴም ሳትጨነቅ «እሰይ! የእኔን ይዞልኝ ሄደ በይ። እኔ አለሁ አይደል?» አለቻት። ልጄ ሳቀች። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ከአጎቶቿ አንዱ፣ ሁለቱም አክስቶቿ፣ ከዚያም «አባዬ» ተከተሉ። «እማዬ፣ ቀጥሎ ማነው?» ብላ በጠየቀችኝ ምሽት ባለቤቴ ገንዳውን ጠቅልለን እንመልሰው አለ። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ማቆም አልፈለግሁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዓመታት ዓሣ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ነው። የሆነውን ስነግረው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሊትር ነው?» የሚል ነበር። አላውቅም ነበር።

ጠላት የሆነው ንጹህ የሚመስለው ውሃ

ዓሣ የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያው በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ይባላል። አብዛኛው የሚወጣው ከጭንቅላቱ ጎን ባሉት መተንፈሻዎቹ በኩል ስለሆነ በዓይን አይታይም። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ አሞኒያ ይጨምራል። በሐይቅ ወይም በወንዝ ውስጥ ይህ ሁሉ በብዙ ውሃ ይቀልጣል። በሳሎን ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ተጠራቅሞ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል። ዓሦቻችን ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የነበረው ምግብ ፈልገው ሳይሆን ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። እኛ ደግሞ በምግቡ መርዙን ጨመርንላቸው።

ከዚህ የሚያድኗቸው በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ በስተቀር ያን ያህል አይጎዳም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ ሲቀየር አብሮ ይወጣል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ከመሸጫው ከገንዳው ጋር ታሽገው አይመጡም። በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ መጠን ለመራባት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል።

እኛ እንግዲህ ማዕድ ቤቱ ሳይሠራ 12 እንግዳ ጠርተን ነበር ማለት ነው። ይባስ ብለን ውሃው ሲደፈርስ ሙሉ በሙሉ ደፍተን ቀየርነው፤ ስፖንጁንም ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ ጥርት አድርገን አጠብነው። የቧንቧ ውሃ ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን አለው። ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያ ሲገድል ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው፤ እሱም ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ።

መጀመሪያ ሊትሩን ይለኩ

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። የገንዳውን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲሜትር ይለኩ፤ ያባዙና ለ1,000 ያካፍሉ። የእኛ 60 በ30 በ30 ስለሆነ 54 ሊትር ይሆናል። ግን 54 ሊትር ውሃ በውስጡ የለም። ጠጠሩ ቦታ ይይዛል፤ ከላይም ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ባዶ ይተዋል። ስንሞላው በጆግ ቆጥረን ያገኘነው 43 ሊትር ገደማ ነው። (በነገራችን ላይ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ቀጫጭን እግር ያላት የአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ላይ አይስቀምጡት። እኛ በመጀመሪያ ያስቀመጥነው እዚያው ላይ ነበር።)

ዓሣ አሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደ ልምድ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሊትር ውሃ አንድ ሳንቲሜትር ዓሣ። የሚለካው ጅራቱ ሳይቆጠር ነው። በዚህ ስሌት የእኛ 43 ሊትር የሚችለው 21 ሳንቲሜትር ዓሣ ነው። ትልቅ ወንድ ጉፒ ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን ሰባት ጉፒ ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳይጨመር።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይደብቃል። አንደኛው፣ የሚለካው ዓሣው ዛሬ ያለው ርዝመት ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበት ነው። በመሸጫው አውራ ጣት የምታክለው ጎልድፊሽ ክብና ድርብ ጅራት ካለው ዝርያ ከሆነች 15 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ትደርሳለች፤ ሸንቃጣው ተራው ጎልድፊሽ ደግሞ 20 ሳንቲሜትር ሊያልፍ ይችላል። አራት ጎልድፊሽ ስንገዛ የሱሪ ኪስ ውስጥ አራት የበግ ግልገል ለማሳደግ እንደ መሞከር ነበር። ጎልድፊሽ በሚገባ ከተያዘ አሥርና ሃያ ዓመት ይኖራል። እንግሊዝ አገር በ1956 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በባዛር ዕጣ የደረሰች ቲሽ የተባለች ጎልድፊሽ 43 ዓመት ኖራለች። እኛ ቤት ሰባት ቀን ኖረች።

ሁለተኛው፣ ርዝመት ስለ ሰውነት ግዝፈት ሁሉንም አይናገርም። ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዓሣ ክብደቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም። ቁመቱም ውፍረቱም አብሮ ስለሚያድግ ስምንት እጥፍ ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ልክ ይበላል፣ በዚያው ልክ ያቆሽሻል። ስለዚህ ሰባት ባለ ሦስት ሳንቲሜትር ዓሦችና አንድ ባለ 21 ሳንቲሜትር ዓሣ በወረቀት ላይ እኩል ይምሰሉ እንጂ ገንዳው ውስጥ በጭራሽ አይገናኙም። የሳንቲሜትሩ ስሌት የሚያገለግለው ለትናንሽና ለቀጫጭን ዓሦች ብቻ ነው።

መስታወት ያጸዳል የተባልነው ጥቁሩ ዓሣስ? ፕሌኮ ይባላል፤ በብዛት የሚሸጠው ዝርያ 30 ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ጽዳት ሠራተኛ ተብሎ ተቀጥሮ ከሁሉም አብልጦ የሚያቆሽሽ እሱ ነው።

የአዲስ አበባ ውሃ የራሱ ጠባይ አለው

በዓሣ ማሳደጊያ መጻሕፍት ላይ የሚታተሙት ስሌቶች የተጻፉት በአብዛኛው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላሉ አገሮች ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ከአየር የሚወስደው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን መያዝ ሲችል እዚህ የሚይዘው 6 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሯጭ አዲስ አበባ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁሉ ዓሦቹም የሚጋሩት ኦክሲጅን ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። እንደ ጉፒ ያሉ የሞቃት አገር ዓሦች ደግሞ 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈልጉ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከተማችን ያለ ማሞቂያ አይኖሩም።

ኦክሲጅን ወደ ውሃው የሚገባው ከላይ፣ ውሃው ከአየር ጋር በሚገናኝበት ገጽ በኩል ነው። ለዚህ ነው ቁመቱ ረዝሞ አፉ የጠበበ ገንዳ፣ ብዙ ሊትር ቢይዝም፣ ሰፋና ዝቅ ካለው ያነሰ ዓሣ የሚችለው። ክቧ የመስታወት ጎድጓዳ ሳህንማ፣ ፊልም ላይ የምናያት፣ ለእኔ የዓሣ ቤት አይደለችም። ከአምስት እስከ አሥር ሊትር ብትይዝ ነው፤ ለማጣሪያ ቦታ የላትም፤ አፏም ጠባብ ነው። በእሷ ውስጥ ስንት ዓሣ ይኖራል ቢሉኝ መልሴ ዜሮ ነው።

ከዚያ መብራት አለ። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፣ ውሃውን የሚያናውጠው አረፋም ይቆማል፣ ማሞቂያውም ይቀዘቅዛል። ጥቂት ዓሣ ያለበት ገንዳ ሰዓታትን ይቋቋማል። በታጨቀው ውስጥ ኦክሲጅኑ ቶሎ ያልቃል። በስፖንጁ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም የሚኖሩት በኦክሲጅን ነው፤ ብዙ ሰዓት ከቆመ እነሱም ይሞታሉ።

ከዚያም ውሃ አለ። በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው የሚዘልበትም ሳምንት አለ። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ የነገረኝ ነገር ከሊትሩም ከሳንቲሜትሩም ይልቅ ልቤ ውስጥ ቀረ። «ዓሣ አትቁጠሪ፤ ጀሪካን ቁጠሪ» አለኝ። የእኛ ገንዳ በየሳምንቱ ሩቡ ውሃ መቀየር አለበት፤ ይህ 11 ሊትር ገደማ፣ ግማሽ ጀሪካን ነው። ይህ ልኩን ለጠበቀ ገንዳ ነው። 12 ዓሣ፣ ያውም ጎልድፊሽ ያለበትን በጤና ለማቆየት ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ያውም በብዛት መቀየር ያስፈልጋል። ሮቶው ባዶ ሆኖ ለምግብ ማብሰያ በምንቆጥብበት ሳምንት ለዓሣ ስንት ጀሪካን እንሰጣለን? እውነቱን ለመናገር ከግማሽ አይበልጥም።

የቢዝነስ ትምህርት ስማር ስለ አቅም የተማርኩትን ያን ጊዜ አስታወስኩ። መጋዘን የሚለካው ሥራ በቀዘቀዘበት ቀን አይደለም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ በሚጎድልበት ቀን ነው። ዓሣ ስንገዛ ያሰብነው መብራት ያለበትን፣ ውሃ የመጣበትን፣ እኔም ድካም የሌለብኝን ቀን ነበር። የዓሣው ቁጥር መወሰን ያለበት ግን ለመጥፎው ሳምንት ነው። ለዚያ ሳምንት ባለቤቴና እኔ በወረቀት ጽፈን ደረስንበት የምንለው ቁጥር ስድስት ሆነ። ሰባቱ ከስሌቱ፣ አንዱ ደግሞ ለከፍታውና ለመብራቱ የተቀነሰ።

ልጄን ማሳመን ከስሌቱ ይልቅ ከበደን። «ስድስት ከሆነ ማንን እናስወጣለን?» አለች።

ማነስም በደል የሚሆንበት ጊዜ

ያስገረመኝ ነገር ቁጥር ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ወሰን እንዳለው ነው። ኒዮን ቴትራ የተባሉት፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ መስመር የሚያበራው ትናንሽ የአማዞን ዓሦች በመንጋ የሚኖሩ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከገዙ ጥግ ይዘው ይደበቃሉ፣ ቀለማቸው ይደበዝዛል፣ በጭንቀት ይታመማሉ። ከስድስት ያላነሱ መሆን አለባቸው። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ ገንዳ ኒዮን የመረጠ ሰው ሌላ ዓሣ መጨመሩን መርሳት አለበት። «ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት» የሚለው ለኖኅ መርከብ እንጂ ለአኳሪየም አይሆንም።

በተቃራኒው ቤታ የተባለው፣ እንደ ነጠላ የሚወርድ ክንፍ ያለው ዓሣ፣ ብቻውን መኖር የሚመርጥ ነው። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ ገንዳ ከተቀመጡ እስኪጎዳዱ ይጣላሉ። ከውሃው በተጨማሪ ከላይ አየር መሳብ የሚችልበት ልዩ የመተንፈሻ አካል ስላለው ኦክሲጅን ሲያንስ ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማል። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖርና 20 ሊትር ገንዳ ብቻ ማስቀመጥ ለሚችል ቤተሰብ እኔ የምመክረው አንድ ቤታ፣ ትንሽ ማጣሪያና ማሞቂያ ነው። «አንድ ብቻ?» ይሉኛል። አዎ፣ አንድ። ልጆች አንዱን ዓሣ ጠባዩን ሳይቀር ያውቁታል፤ አሥራ ሁለቱን ግን አያውቁም። ልጄ ስም ባወጣችላቸው በሦስተኛው ቀን ጉፒዎቹን መለየት አቅቷት ነበር።

ጎልድፊሽ የግድ ካማረዎት ድርብ ጅራት ያላቸውን ሁለት ለማኖር 120 ሊትር ገደማ ያስቡ፤ ከሞቃት አገር ዓሦችም ጋር አይቀላቅሏቸው፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚስማማቸው። የተረፉንን ሁለት ጎልድፊሾች ባለቤቴ ቢሾፍቱ ግቢው ውስጥ ሰፊ የውሃ ገንዳ ላለው ጓደኛው ሰጣቸው። ፕሌኮውን ሻጩ ያለ ገንዘብ መልሶ ተቀበለን። አንድ ዘመዳችን «ሐይቅ ውስጥ ልቀቋቸውና ይገላገሉ» ብሎን ነበር፤ እንኳን አልሰማነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ቫስ በተባለው ወንዝ ውስጥ ሰዎች የለቀቋቸው ጎልድፊሾች ተራብተው አንዳንዶቹ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ደርሰው የአገሬውን ዓሦች ሲያስቸግሩ ተገኝተዋል።

ሁለተኛው ሙከራ

አራት ጉፒ ቀሩን። በእነሱ ብቻ ስድስት ሳምንት ጠበቅን። በየሁለት ቀኑ አንድ ጆግ ውሃ እንቀይራለን፤ ውሃውን አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ባልዲ ውስጥ እናሳድረዋለን፣ ክሎሪኑ እንዲበር።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ደረስንበት። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት እኔ እመግባቸው ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይመግባሉ። ማታ ዜና እያየ ባለቤቴ ይመግባል። የቤት ሠራተኛችንም «ሲያዩኝ ወደ መስታወቱ ይመጣሉ፣ አሳዘኑኝ» ብላ ቀን ቀን ትጨምር ነበር። ቆሻሻው የሚለካው በዓሣው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሚገባው ምግብም ነው። አራት ጊዜ የሚበሉ 12 ዓሦች እንደ ሠላሳም እንደ አርባም ያቆሽሻሉ። አሁን እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምታስቀምጥባትን ዓይነት፣ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባት ባለ ሰባት ክፍል የክኒን ሣጥን ገዝተን እሑድ እሑድ የእያንዳንዱን ቀን ምግብ ቆንጥረን እንሞላለን። የዓርቧን ክፍል ባዶ እንተዋለን። የዕለቱ ክፍል ባዶ ከሆነ ዓሦቹ በልተዋል ማለት ነው። በሁለት ደቂቃ ጨርሰው የማይበሉት ምግብ ትርፍ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅነው መጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ዝንብ ገንዳው ውስጥ አለ!» ብሎ ጮኸ። ዝንብ አልነበረም። ከግማሽ ሳንቲሜትር ጥቂት የሚበልጡ፣ ሁለት ዓይን ብቻ የሚመስሉ 14 ልጆች በሣሩ ሥር ተሰግስገው ነበር። ጉፒ እንቁላል አትጥልም፤ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ አንዳንዴ ከሃያ በላይ። ከአንድ ወንድ የተቀበለችውንም ዘር ለወራት በሆዷ ልታቆይ ስለምትችል ሴት ብቻ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም። ከአራቱ ዓሦቻችን ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ስናይ ምግብ የበዛባቸው መስሎን ነበር። ስለ ቁጥር ይህን ሁሉ ስሌት ሠርተን ሴትና ወንድ መለየት ረስተናል። ወንዱ አነስ ብሎ ጅራቱ ትልቅና ባለ ቀለም ነው፤ ሴቷ ገዘፍ ብላ ቀለሟ ደብዘዝ ያለ ነው። ማንም ሰው በአንድ ደቂቃ ይማረዋል።

ልጆቹ ቤታችን ሠርግ የመጣ ያህል ፈነጠዙ። በማግሥቱ ግን 14ቱ ዘጠኝ፣ ከዚያ አምስት ሆኑ። የት እንደሄዱ ልጄ ስትጠይቀኝ ልዋሻት አሰብኩ፤ ተውኩት። ትልልቆቹ እንደበሏቸው ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ገንዳውን ስታይ ቆየችና «ቦታው ስላልበቃቸው ነው?» አለችኝ። ጉፒዎች ቦታ ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ልጆቻቸውን እንደሚበሉ አንብቤያለሁ። ግን ጥያቄው መጥፎ ጥያቄ አልነበረም። አምስቱን ሕፃናትና ሁለቱን እናቶች ትልቅ ገንዳ ላለው ባልደረባዬ በማሰሮ ውሃ አድርገን ወሰድንለት። መኪና ውስጥ ማሰሮውን የያዘችው እሷ ናት፤ ከቤት እስክንደርስ ድረስ ክዳኑን አንዴም አላነሳችም።

ከዚያ ወር በኋላ ሁለት ወንድ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሁለት ወንድ ጨመርን። በአንድ ጊዜ ያላስገባናቸው ባክቴሪያዎቹ ከጭነቱ ጋር አብረው እንዲራቡ ነው። አሁን ስድስት ናቸው። የሰው ስም አላወጣንላቸውም፤ እናቴ በስልክ ከልክላናለች፤ «በሰው ስም አትጫወቱ» ብላ። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሙዝ፣ ቆሎና ዳቦ ይባላሉ። ልጄ በመስታወቱ ጎን «6» ብላ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል። የልደቷ ቀን እየቀረበ ስለሆነ ሰባተኛ ትጠይቀኛለች ብዬ እየጠበቅሁ ነው። በስሌቱ ሰባት ይቻላል። እኔም ገና አልወሰንኩም።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባለቤቴ ጋቢውን አምጥቶ የገንዳውን ጎኖች ሸፈነ፤ ሙቀቱ እንዳይሸሽ። ላዩን ለአየር ክፍት ተውነው። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ በኩባያ ከገንዳው እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሰዋለች፤ ውሃው ሲንጠባጠብ አየር ይዞ ይገባል። ትንሹ የስልኬን መብራት ይዞላታል። በየአሥር ደቂቃው አንድ ጊዜ ያቆሙና ይቆጥራሉ፤ «ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ ሙዝ፣ ቆሎ... ዳቦ የት አለ?» ዳቦ ከሣሩ ሥር ነበር።